በአማርኛ መጮህ፦ ሐዋሳ ላይ የተሠራ አንድ የሜታልኮር አልበም (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ልጽፈው ፈለግኩ

ባለፈው ሰሞን ከአዳማ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከጓደኛው ጋር ሜታል ሊሠሩ ተነስተዋል፣ ከየት እንደሚጀምሩ ግን ግራ ገብቷቸዋል። ስለ ማይክ ጠየቀኝ። ስለ ጊታር ክር ጠየቀኝ። የትኛው ላፕቶፕ እንደሚሻልም ጠየቀኝ። ስለ ግጥም ግን አንድም ነገር አላነሳም። ስልኩን ስዘጋ ይሄን ጉዳይ ቁጭ ብዬ መጻፍ እንዳለብኝ ወሰንኩ፣ ምክንያቱም እኔ በቅርብ ያየሁት አልበም አንድ ዓመት ሙሉ ተገትሮ የቆየው በግጥሙ ምክንያት ነው። ባለቤቶቹ ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን የሚያላክኩት ዕቃው ላይ ነበር።

ሥራዬ ቀረጻና ሚክስ ነው። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው መዝሙርና የሰርግ ሙዚቃ ነው። የልጆቹንም የባንዱንም ስም አልጠራም፣ እንዲህ እንዲሆን አብረን ተስማምተናል። ጽሑፉን ግን ሁለቱም አንብበውታል።

ልጆቹና ሙዚቃቸው

ሜታልኮርን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የሃርድኮር ፓንክና የሄቪ ሜታል ቅልቅል ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መልክ ያዘ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንደ ማሳቹሴትሶቹ ኪልስዊች ኢንጌጅ ባሉ ባንዶች በኩል ብዙ ሰው ጋ ደረሰ። ጊታሩ ከተለመደው ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል። ድምፃዊው ይጮሃል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በንጹህ ድምፅ ይዘፍናል። ብሬክዳውን የሚባልም ነገር አለ፤ ዘፈኑ ሲጋልብ ቆይቶ በድንገት ፍጥነቱ በግማሽ ይወርድና ጊታሩና የእግር ድራሙ አንድ ላይ ይወቅጣሉ። የወደደው ሰው አንገቱን መያዝ ያቅተዋል።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ጊታሪስቱ ጊታር የተማረው እንደ ብዙዎቹ የሐዋሳ ሙዚቀኞች ቤተክርስቲያን ነው። ጊታሩንም ቤዙንም እሱ ይጫወታል፣ ድራሙን ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ድምፃዊው ቀን ቀን መምህር ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለት ብቻ የሆኑት ወደው አይደለም። ይሄን ሙዚቃ የሚችል ድራመር ከተማው ውስጥ ቢገኝ እንኳ እንጀራው ሆቴልና ሰርግ ላይ ነው፤ ያለ ክፍያ ዓመት ሙሉ ልምምድ ና ማለት ይከብዳል።

አንድ ቀን የናይሮቢውን ባንድ ዱማን ሰሙ። ዱማም ሁለት ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸው በፈረንጆቹ 2020 በካምፓላው የሙዚቃ አሳታሚ ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ በኩል ወጥቷል። ሥራቸው ወደ ግራይንድኮር (በጣም ፈጣንና ከረር ያለ የሜታል ዓይነት) እና ወደ ኤሌክትሮኒክ ነው የሚያደላው፣ ሜታልኮር አይባልም። ቢሆንም እዚሁ ጎረቤት አገር ሁለት ልጆች ያለ ድራመር አልበም አውጥተው ውጭ አገር ድረስ ተሰሙ። ለእኛዎቹ ይሄ በቂ ነበር።

ሲመጡ የነበረው ችግር

አንድ ቅዳሜ 11 ዘፈን በፍላሽ ይዘው መጡ። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ አቆምኩት። ጊታሩ ስር የማያቋርጥ ጉምጉምታ አለ። ወፍራሙ ክር ልቅ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ከቃናው ይወጣል። ድምፃዊው የሚጮኸው በባዶ ጉሮሮ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን በሦስት ዘፈን ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል አለመስማቴ ነው። ግጥሙን በወረቀት ስጡኝ አልኳቸው። ሳነበው ደነገጥኩ፤ ጥሩ ግጥም ነበር።

የሆነውን ሲነግሩኝ ነገሩ ገባኝ። ዘፈኖቹ መጀመሪያ የተሠሩት በእንግሊዝኛ ነው። የውጭ ባንዶችን እየሰሙ ምቱን፣ የቃሉን ርዝመት፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ሁሉ ከዚያው ወሰዱ። በኋላ ድምፃዊው በአማርኛ ካልሆነ ልቤ አይገባም አለና ቃሉን ብቻ ቀየሩት። ምቱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ይቀርጻሉ፣ ይሰማሉ፣ ይደብራቸዋል፣ ያጠፋሉ። ችግሩ ማይኩ ነው ብለው ውድ ማይክ ለመግዛት ብር ማጠራቀም ጀምረው ነበር። ብሩን አትንኩት፣ ቆዩ አልኳቸው።

ቀላሉ ክፍል

ጉምጉምታውን ለማጥፋት አንድ ከሰዓት አልፈጀብንም። የሚቀርጹት ግቢ ውስጥ ካለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል)፣ ጊታር ላይ የሚገባው ጉምጉምታም ከዚያው ከ50 እና ከእጥፎቹ ነው የሚመጣው። ሜታል ላይ ደግሞ ጊታሩን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ትንሹን ድምፅ ሁሉ ስለሚያጎላው ሌላ ሙዚቃ ላይ የማይሰማ ነገር እዚህ ያገሳል። ጊታሪስቱን «ቻርጀሩን ንቀለው» አልኩት። ነቀለው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ጊታሩንና ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ስለሆነ ሁሉም ነገር በባትሪ ይሠራል፤ ግድግዳው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪው ሲሞላ ይነቅላሉ፣ እስኪያልቅ ይቀርጻሉ። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። አሁን መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ ሥራ ነው።

ክሩ ትንሽ ቆየብን። የተለመደው የጊታር ወፍራም ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚጮኸው። እነሱ የሚቃኙት ድሮፕ ሲ በሚባለው ዝቅ ያለ አቃኛኘት ነው፣ ማለትም ወፍራሙ ክር ወደ 65 ኸርዝ ይወርዳል። የገዙት ክር በውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሚባለው ነው፤ እሱን እዚያ ድረስ ስታወርዱት እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይላላል። ጠንከር ብሎ ሲመታ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ሁለቴ ቀርጾ ግራና ቀኝ ሲያደርገው ሁለቱ አይገናኙም። ከአዲስ አበባ ወፍራሙ 56 የሆነ ክር በሰው አስመጣን። የክሩ መቀመጫ ስንጥቅ ስለጠበበው በቀስታ በሞረድ ተሰፋ። 12ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ የተያዘው ቃና ክሩን ሳይጫኑ እዚያው በመነካት ብቻ ከሚወጣው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ክሩ ከታች የሚያርፍበት ብሪጅ ላይ ያለችው ብሎን ወደ ኋላ ተጎተተች። ይሄን የሚያደርግላችሁ ሰው ካጣችሁ ቀስ ብላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት፣ ያን ያህል አያስፈራም።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። ግድግዳው ላይ የስፖንጅ ፍራሽ አቆምን፣ በር ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ኮንደንሰር ማይኩን ትተን ዳይናሚክ ማይክ ተጠቀምን፤ ኮንደንሰሩ ባጃጁንም ውሻውንም ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብም እኩል ይሰበስባል። ክረምቱ ሲከብድ ድምፅ መቅረጽ ተውንና ድራሙን ሠራን። ድራሙ ላይ እያንዳንዱ ምት እኩል ጉልበት እንዳይኖረው በእጅ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ዝናብ አይረብሸውም። ባክአፕ ሳይኖረን ላፕቶፑ አንድ ሌሊት ተበላሽቶ የሁለት ዘፈን ጊታር ጠፋ። በማግስቱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተገዛ።

ጩኸቱ

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ አካሉ። ድምፃዊው በአንድ ሳምንት ስድስት ዘፈን ጮኸና ሰኞ ክፍል ሲገባ ድምፅ አጣ። ተማሪዎቹን በጽሑፍ አስተማረ። አስተማሪ ነው፣ ድምፁ እንጀራው ነው፣ እኔ ራሴ በጣም ፈራሁ። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄደ፤ እረፍት፣ ውሃ፣ ዝምታ አዘዙለት። ሲሻለው ከዜሮ ጀመርን። ከዋናዎቹ የድምፅ ክሮች ከፍ ብሎ ሐሰተኛ የድምፅ ክሮች የሚባሉ ሌላ ጥንድ እጥፋቶች አሉ። በደንብ የተማሩ የሜታል ድምፃውያን ብዙዎቹ ሻካራውን ድምፅ የሚያወጡት እነሱን በማርገብገብ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከሆድ በሚወጣ የማያቋርጥ ትንፋሽ ነው። ቅርብ ሆናችሁ ብትሰሙት ይሄ ጩኸት ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም፣ የሚያገዝፈው ማይኩ ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ይሠራል፣ ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል። ካመመው ያቆማል፣ ነገ ሌላ ቀን ነው። ድምፃችሁ ሻክሮ ሦስት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቀጥሎ ቋንቋው። አካሉ ከተስተካከለ በኋላም አንዳንድ መስመር ላይ ትንፋሹ ይቆረጥ ነበር። እንግሊዝኛው ላይ ደህና ነው፣ አማርኛው ላይ ይወድቃል። ለብዙ ሳምንት አልገባንም። አንድ ቀን «ቀጥቅጦ ጣለኝ» የሚለውን መስመር ደጋግሞ ሲያቅተው ቃሉን በዝግታ በል አልኩት። ያን ጊዜ ታየኝ። እናንተም ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ «ከ»፣ ቀጥሎ «ቀ» በሉ። «ቀ» ላይ ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፣ ማንቁርት ከፍ ይላል፣ ከዚያ ድምፁ ይፈነዳል። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ጰ» እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ እነዚህን ፊደላት አያውቃቸውም። ጩኸቱ የቆመው በማያቋርጥ ትንፋሽ ላይ ነው፣ «ቀጥቅጦ» ደግሞ በአንድ ቃል ውስጥ አራት ጊዜ በሩን ይዘጋል። ልጁ ያቃተው ስለማይችል አልነበረም። ቃሉ ለዚያ ምት አልተሠራም።

መፍትሔው ፊደሎቹን መሸሽ መስሎን መጀመሪያ «ጠ» እና «ቀ» የሌለባቸው ቃላት መፈለግ ጀመርን። ግጥሙ ነፍሱ ወጣ። ከዚያ ጊታሪስቱ አንድ ነገር ሞከረ። ቃሉን ሰባበረና ብሬክዳውኑ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ከአንድ የእግር ድራም ጋር አገጣጠመው። ቀ፣ ጥ፣ ቅ፣ ጦ። ጊታሩም በመዳፍ እየታፈነ እዚያው ላይ ይመታል። ድምፃዊው መጮህ አላስፈለገውም፣ ማይኩ ጋ ተጠግቶ በጥርሱ መሀል ብቻ አለው። ጉሮሮ ሲዘጋ የሚፈጠረው ዝምታ የድራሙ ዝምታ ሆነ። ለእኔ በአልበሙ ውስጥ ከዚያች ስምንት ሰከንድ የሚበልጥ ቦታ የለም፤ እስከ ዛሬ ስሰማት ፀጉሬ ይቆማል።

ረጅሙን ጩኸት ደግሞ የት ማሳረፍ እንዳለብን ያስተማረን ፊደል ገበታው ነው። አማርኛ ብዙ ቃል በሳድስ ይጨርሳል። «ድንጋይ»፣ «መንገድ»፣ «ልብ» ብላችሁ መጨረሻውን ለመጎተት ሞክሩ፣ አፍ ተዘግቶ ይቀራል፣ የሚጎተት ነገር የለም። ራብዕ ላይ ግን አፍ በሰፊው ይከፈታል። «ጨለማ»፣ «ዝምታ»፣ «አሻራ» እስከፈለጋችሁ ይሄዳሉ። ሳብዕም ይሆናል። ድምፃዊው ግጥሙን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አየው፤ ጩኸቱ የሚረዝምበት መስመር በሳድስ የሚያልቅ ከሆነ ቀየረው። አንዳንዱ መስመር በዚህ ምክንያት ከበፊቱ የተሻለ ግጥም ሆነ፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ተበላሽተው ወጡ።

መጥበቅና መላላትም አለ። ለዚህ የጆሮ ፈተና ያልነውን ጀመርን፤ ግጥሙን አይቶ የማያውቅ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ የሰማውን በወረቀት ይጽፋል። የመጀመሪያዋ የድምፃዊው ታናሽ እህት ነበረች። «ልቤ ይመታል» የሚል መስመር አለ። ጽፋ ስትጨርስ ወደ ወንድሟ ዞረችና «ማነው ልብህን የሚመታው?» አለችው። እሱ ሊል የፈለገው ልቤ አሁንም ትር ትር ይላል፣ አልሞትኩም ነው። ምቱ ግን «ይ» ላይ ቆሞ «መ» ላይ ስለሚወድቅ ፊደሉ ጠበቀ፤ ሲጠብቅ ልቤ ተመቺ ሆነ። በሕይወት ያለ ሰው የሚናገረው ተደብድቦ የወደቀ ሰው መሰለ። ጊታሪስቱ ቃሉን በአንድ ምት ወደፊት አመጣው፤ «ይመ» ሮጥ ብሎ ያልፋል፣ ጩኸቱ «ታ» ላይ ይከፈታል። በሚቀጥለው ፈተና ሌላ ሰው በትክክል ጻፈው። «ገና» የሚለውም እንዲሁ በዓሉን እየመሰለ አስቸግሮን ነበር።

ድምፃዊው በዚህ ጊዜ የራሱን ነገር አገኘ። አባቱ ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው፤ ቀረርቶና ፉከራ ሲሰማ ነው ያደገው። ፉከራ ላይ መስመሩ አጭር ነው፣ ትንፋሽ በየመስመሩ ጫፍ ይወሰዳል፣ ቃል አይዋጥም። ከውጭ ባንድ የወሰደውን የትንፋሽ ቦታ ትቶ በዚህ ተካው። ከዚያ ወዲህ ቀረጻ ለመድገም የሚጠይቀው ቁጥር በግልጽ ቀነሰ።

ቅኝቱ

ጊታሪስቱ ላይ ግን የባሰ ሥራ ነበር። ድሮፕ ሲ ላይ ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ስትይዙ ፓወር ኮርድ (ሜታል የሚቆምበት አብሮ የሚመታ የቃናዎች ጥምር) ይወጣል። የአምባሰልን ቅኝት ከዚያ ክር ብትጀምሩት ፍሬቶቹ 0፣ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ናቸው። ባዶውና አንደኛው ፍሬት ተጠግተው ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ሜታል ሰሚ ቤቱ ያደገ ያህል የሚያውቀው ድምፅ ነው። ልጁ ይሄን ሲያገኝ በደስታ ሦስት ዘፈን አከታትሎ መልሶ ጻፈ። ግን አምባሰል አይመስሉም። ምክንያቱን ቁጭ ብለን ስናየው 7 እና 8 ላይ ፓወር ኮርድ ሲይዝ ከላይ የሚጨመረው ቃና ከቅኝቱ ውጭ ነው። ስለዚህ 0፣ 1 እና 5 ላይ ኮርድ፣ 7 እና 8 ላይ አንድ ክር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አንቺ ሆዬ ይብሳል፤ ፍሬቶቹ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ሲሆኑ ኮርድ የሚቀበሉት 5 እና 6 ብቻ ናቸው። እሱ ላይ የተሠራው ዘፈን ከሞላ ጎደል በአንድ ክር ነው የሚሄደው፣ ቀጭን ነው፣ ግን ያስፈራል። አዝማቹን ድምፃዊው ጩኸት በሌለበት ድምፅ አባቱ ቤት እንደሚያንጎራጉሩት አድርጎ ዘፈነው።

እርግጥ ጊታር በፍሬት የታሰረ ነው፣ ክራር ደርዳሪ በጆሮው የሚያስተካክለውን ስስ ልዩነት አያወጣም። ይሄን የሚነግረን ሰው ቢመጣ ልክ ነው።

እትዬ

አከራይዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ጩኸቱን ሲሰሙ ልጁ ታሟል ብለው ጎረቤት ሰብስበው ሊጸልዩለት መጡ። በሩ ሲከፈት ላብ በላብ ሆኖ ማይክ ይዞ አዩት። ማንም አልተቆጣም፣ ግን ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፣ ልጆቹም ከዚያ በኋላ እያፈሩ መጮህ ጀመሩ። እያፈሩ የጮኹት ሁሉ ቀረጻው ላይ ይታወቃል።

እኔ የመከርኳቸው አስረዷቸው ብዬ ነው። ድምፃዊው ሄዶ «እትዬ፣ እስቲ ይግቡና ይስሙት» አላቸው። ገቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጆሮ ማዳመጫውን ነጠላቸውን ገለጥ አድርጎ ራሱ አጠለቀላቸው። አንድ ዘፈን ሙሉ ሰሙ፣ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ምሬት ከየት መጣ?» አሉት። ግጥሙን አነበበላቸው። ስለ ወንድሙ ነው፣ ከአገር ወጥቶ መንገድ ላይ ስለጠፋው። እትዬ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንዳትጮኹ፣ እሑድ ጠዋትም እንዲሁ ብለው ወጡ።

ሁለት ወር ያህል ሲቆይ ግቢው ውስጥ ለቅሶ ሆነ። ድንኳኑ እዚያው በራቸው ላይ ነው የተተከለው። ልጆቹ ወንበር ተሸከሙ፣ እንግዳ አስተናገዱ፣ ለሁለት ሳምንት አንድም ድምፅ አልቀረጹም። ሥራው ዘገየ። ከዚያ በኋላ ግን በሰፈሩ ስለ ጩኸቱ ያማረረ ሰው አልሰማሁም።

ወረቀቱ

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ተጣሉ። ጊታሪስቱ ሙዚቃው በሙሉ የኔ ነው አለ፣ ድምፃዊው ቃሉም ዜማውም የኔ ነው አለ። ለሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። እኔ ሽማግሌ ሆንኩ፤ በሕጉ በኩል ያለውን ነገርኳቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥሙንም ሙዚቃውንም ይጠብቃል፤ አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት። ሁለቱ አብረው ለሠሩት ግን ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ራሳቸው ቢስማሙ ይሻላል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የሁሉም ዘፈን እኩል እኩል ነው፣ ማንም ብቻውን አይሸጥም፣ አንዱ ቢወጣ የባንዱ ስም ለሁለቱም ነው። በምስክር ፈረሙ። ይሄ መጀመሪያ ቀን መደረግ ነበረበት፣ እኔም ቀድሜ ልላቸው ይገባ ነበር።

ያልተሳካው

11 ዘፈን ይዘው መጡ፣ የወጡት 7 ናቸው። አራቱ በእንግሊዝኛ ምት ላይ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። ብዙ ደክመንባቸዋል፤ ቀድመን ልንተዋቸው ይገባ ነበር።

የመጀመሪያው ማስተር (ከሚክስ በኋላ ያለው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የእኔ ጥፋት ነው። ከውጭ አልበሞች እኩል ይጩህ ብዬ ዝቅ ያለውንና ከፍ ያለውን ድምፅ አቀራርቤ ጨመቅኩት። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ከፍ ብሎ የተሠራን ዘፈን ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አካባቢ ዝቅ እያደረጉ ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ የተጨመቀው ዘፈን ከፍታውን ሲነጠቅ የቀረው ጠፍጣፋነቱ ብቻ ነው። ያቺ የ«ቀጥቅጦ» ዝምታ ጠፍታ ነበር። እንደገና ሠራሁት፣ ለቀቅ አድርጌ።

አልበሙን ኦንላይን ለማስወጣት የውጭ አገር ካርድ ስላስፈለገ ውጭ ባለ ዘመድ ስም አካውንት ተከፈተ። ዘመዱ ቅን ሰው ናቸው፣ ነገር ግን የይለፍ ቃሉም ገንዘቡም በእጃቸው ነው፤ አንድ ስም ለማረም እንኳ የሌሊት ስልክ ይጠይቃል። ይሄ እስካሁን አልተፈታም።

መድረኩ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አቀረቡ። ድራሙ ከላፕቶፕ ነው የሚመጣው፤ በአንዱ መስመር ድራም፣ በሌላው ለጊታሪስቱ ጆሮ ብቻ የሚሄድ ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) አለ። ሳውንድ የሚያዘው ሰው ሰርግ የለመደ ነው፣ ሁለቱንም ወደ ትልቁ ስፒከር ለቀቃቸው። ሕዝቡ ሙሉ ዘፈን ቲክ ቲክ እያለ ሰማ። ሰውየው አልበደለም፤ የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ወረቀት ማንም አልሰጠውም። ድምፃዊው በንዴት ጉሮሮውን ለቆ ጮኸ፣ ለአራት ቀን ድምፁ ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢጠቀምበት

ግጥም ከሙዚቃው በፊት ወይም አብሮ ይጻፍ፤ ምቱ ከቃሉ ይውጣ። ሜታል ባትሠሩም ይሄ ይሠራል፤ ራፕ ለሚሠሩ፣ መዝሙር ከሌላ ቋንቋ ለሚተረጉሙም እነግራለሁ። መዝሙር ቤት ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ያማረ ዜማ ላይ የላላው ጠብቆ፣ የጠበቀው ላልቶ፣ ጉባኤው ሌላ ነገር ሲዘምር።

የጆሮ ፈተናውን ሁሉም ይሞክረው። ምንም ወጪ የለውም፣ አንድ እህትና አንድ ወረቀት ይበቃል። ግጥሙን የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ የራሳችሁ ጆሮ ይሸነግላችኋል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ያን ውድ ማይክ እስከ መጨረሻው አልገዙትም፤ ብሩ ለክር፣ ለሃርድ ዲስክና ለሐኪም ዋለ።

ስምምነቱን በመጀመሪያው ዘፈን ጊዜ ፈርሙ፣ ገና ስትዋደዱ። ጎረቤትንም ሳይመጣባችሁ ጥሩት።

ለአዳማው ልጅ ስለ ማይክ ሳልመልስለት አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ ግጥሙን በእጅህ ጻፍ፣ ጉሮሮ የሚዘጉትን ፊደላት አክብብ፣ ረጅም ጩኸት የሚያርፍበትን ቃል አስምርበት፣ ከዚያ ፎቶ አንስተህ ላክ። ትናንት ማታ ላከልኝ። የአዝማቹ የመጨረሻ ቃል «መንገድ» ነው። ሰርዞታል፣ ከጎኑ በእርሳስ «ጎዳና» ብሎ ጽፏል።